በአሮጌ መኪና ጀርመኖችን በሜዳቸው የረታው ሹፌር፣ እና ከ67 ቀን በኋላ ወደ እኛ የመጣው ጦርነት

ፎርሙላ ዋንን በስልካችሁ የምትከታተሉ ሁሉ መርሴዲስና ፌራሪ ሲፋጠጡ አይታችኋል። ዛሬ የምናወራችሁ እነዚህ ሁለት ስሞች ከ90 ዓመት በፊት ስላደረጉት ፍልሚያ ነው። ቀኑ ሐምሌ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ጁላይ 28 ቀን 1935)፣ ቦታው ጀርመን ውስጥ ያለው ኑርቡርግሪንግ የተባለ ተራራማ የውድድር መንገድ። ጀርመኖች በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ 9 መኪኖች አሰልፈዋል። አንድ የ42 ዓመት ጣሊያናዊ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት አልፋ ሮሜዮ ይዞ መጥቷል። ያሸንፋል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። እሱ ግን አሸነፈ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለመተማና ለገንዳ ውሃ ልጅ የሩቅ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር። ግን ልክ በ67ኛው ቀን ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረች። የጣሊያንን ስፖርት ይመራ የነበረው ሰውዬም ካሚዮን አስከትሎ ጎንደር ገባ። ታሪኩን እስከ መተማ መንገድ እናደርሰዋለን፤ መጀመሪያ ግን ውድድሩ።

«ግራንድ ፕሪ» ፈረንሳይኛ ነው፤ «ታላቅ ሽልማት» ማለት ነው። የዛሬው የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን ከዚያ በፊት የነበሩት ታላላቅ ውድድሮች በየአገሩ ስም ነበር የሚካሄዱት፤ የጀርመን ግራንድ ፕሪ፣ የጣሊያን ግራንድ ፕሪ እየተባሉ። ሂትለር እ.ኤ.አ. በ1933 ሥልጣን እንደያዘ የመኪና ውድድር ለአገዛዙ ምን ያህል ማስታወቂያ እንደሚሆን ገባው። ስለዚህ መንግሥቱ ለሁለት ኩባንያዎች ድጎማ መደበ፤ ለመርሴዲስ ቤንዝና ለአውቶ ዩኒየን። አውቶ ዩኒየን የአራት ኩባንያዎች ጥምረት ነበር። አሁን አውዲ መኪና ላይ የምታዩት አራት ቀለበት የእሱ ምልክት ነው።

በዚያው ሰሞን አዲስ ደንብ ወጥቶ ነበር። መኪናው ሹፌሩ፣ ነዳጁ፣ ዘይቱ፣ ውሃውና ጎማው ሳይቆጠር ከ750 ኪሎ በላይ መመዘን የለበትም ይላል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ሐሳብ ክብደት ከተገደበ ሞተሩም ትንሽ ይሆናል፣ ፍጥነቱም ይበርዳል የሚል ነበር። የጀርመን ኢንጂነሮች ግን አካሉን ከቀላል ብረት ሠርተው ግዙፍ ሞተር ጫኑበት። ፍጥነት እንዲቀንስ የወጣው ደንብ ፍጥነት አመጣ በሉት። መኪኖቹ የብር ቀለም ስለነበራቸው «የብር ቀስቶች» ተባሉ። ከጣሊያኖቹ አልፋ ጋር ሲነጻጸሩ ከ100 በላይ ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት ነበራቸው።

ጣሊያናዊው ታዚዮ ኑቮላሪ ይባላል። ማንቶቫ ከተማ አጠገብ ካስቴል ዳሪዮ በምትባል መንደር ነው የተወለደው። አጭርና ቀጭን ሰው ነበር፤ ወደ መኪና ከመምጣቱ በፊት በሞተር ሳይክል ስም አትርፏል። ስለ እሱ ከሚወሩት ነገሮች ግማሹ ተረት ይመስላል፣ ግን እውነት ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1934 በውድድር ላይ እግሩ ተሰበረ። ሳምንታት ሳይቆይ፣ ጄሶው ገና ሳይፈታ፣ ፔዳሎቹ በአንድ እግር እንዲረገጡ አስተካክለውለት በርሊን ሄዶ ተወዳደረ። ሹራቡ ላይ ደግሞ ኤሊ አለች። ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ የተባለው ዝነኛ ባለቅኔ የወርቅ ኤሊ ሰጥቶት ነበር፤ ቀልዱ «ለፈጣኑ ሰው ቀርፋፋዋ እንስሳ» መሆኑ ነው። ኑቮላሪ ኤሊዋን ምልክቱ አደረጋት።

መኪናው አልፋ ሮሜዮ ፒ 3 ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሲወጣ የሚስተካከለው አልነበረም። በውድድር ዓለም ግን ሦስት ዓመት ረጅም ነው፤ በ1935 ፒ 3 እንደ ጡረተኛ ነበር የሚታየው። ቡድኑን የሚመራው ኤንዞ ፌራሪ ነው። አዎ፣ ያው ፌራሪ። ያኔ ግን የራሱን መኪና አይሠራም፤ የአልፋን መኪኖች ያወዳድራል። ኑቮላሪም ቢሆን ለዚያ ዓመት የፈለገው የጀርመኖቹን አውቶ ዩኒየን ነበር። ሳይሳካለት ሲቀር ወደ ፌራሪ ተመለሰ። ሙሶሊኒ ራሱ ጣልቃ ገብቶ ነው የመለሰው የሚሉም አሉ።

አሁን መንገዱን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። አንዱ ዙር 22.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ውስጥ ከ170 በላይ መታጠፊያ አለ። ጫካ ለጫካ፣ ዳገትና ቁልቁለት። ከአይከል ወደ ገንዳ ውሃ የሚወርደውን መንገድ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጦ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ልዩነቱ እነዚህ ሰዎች የሚነዱት የደህንነት ቀበቶና የረባ መከላከያ ቆብ ሳይኖራቸው ነው። 22 ዙር፣ በድምሩ ወደ 502 ኪሎ ሜትር። ከጎንደር መተማ ዮሐንስ ደርሰህ ተመልሰህ እንኳን አይሞላም።

መነሻው ላይ መንገዱ እርጥብ ነበር። የመርሴዲሱ ሩዶልፍ ካራቾላ ቀድሞ ወጣ። ኑቮላሪ መጀመሪያ ላይ ቢጠጋውም ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ቀረ። ሁለቱ የቡድን ጓደኞቹ፣ ሺሮንና ብሪቪዮ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች መኪናቸው ተበላሽቶ ወጡ። ከጀርመኖቹ ጋር የሚታገል አልፋ አንድ ብቻ ቀረ።

እዚህ ላይ ነው ሰውዬው የተነሳው። በእርጥብና በጠመዝማዛ መንገድ ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበት ብዙም አይጠቅምም፤ ጎማው መሬት መያዝ ካልቻለ ጉልበቱ መንሸራተት ብቻ ነው። ኑቮላሪ መታጠፊያ ውስጥ መኪናውን በአራቱም ጎማ እያንሸራተተ፣ አፍንጫውን ወደሚወጣበት አቅጣጫ እያዞረ ነበር የሚነዳው። ጀርመኖቹ ቀጥታው ላይ ያገኙትን እሱ በየኩርባው ይመልሳል። አንድ በአንድ አልፏቸው በ10ኛው ዙር መሪ ሆነ። ሰው ዓይኑን ማመን አቃተው።

ከዚያ ግን ጉድ ፈላ። ግማሽ ላይ መሪዎቹ ነዳጅ ለመቅዳትና ጎማ ለመቀየር ቆሙ። የመርሴዲሱ ማንፍሬድ ፎን ብራውኪች በ47 ሰከንድ ጨርሶ ወጣ። ኑቮላሪ ጋ የነዳጅ መግፊያው ፓምፕ እጀታ ተሰበረ። ሜካኒኮቹ ነዳጁን በቆርቆሮ እየቀዱ በእጅ መሙላት ጀመሩ፤ ኑቮላሪ አጠገባቸው ቆሞ ይጮኻል። 2 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ፈጀ። እዚህ ቤንዚን ለመቅዳት ግማሽ ቀን የተሰለፈ ሰው ይቺን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል፤ በግራንድ ፕሪ ግን ሞት ነው። መሪ ሆኖ ገብቶ 6ኛ ሆኖ ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «በቃ» ይላል። እሱ ጭራሽ ባሰበት። ብዙም ሳይቆይ ከፊቱ ያሉትን አልፎ 2ኛ ሆነ። ከፊቱ የቀረው ብራውኪች ብቻ ነው፣ ልዩነቱ ግን ከአንድ ደቂቃ በላይ ነበር። ከዚያ በየዙሩ ሰከንድ እየሸራረፈ መጠጋት ጀመረ።

የውድድሩ ቁልፍ ጎማ ነበር፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ብራውኪች ጎበዝና ደፋር ሹፌር ነው፣ ግን በጎማ ላይ ጨካኝ ነበር። መኪናው ከባድ ጉልበት አለው፤ ከየመታጠፊያው ሲወጣ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር የኋላ ጎማው ይሽከረከራል፣ በተሽከረከረ ቁጥር ይበላል። መንገዱ እየደረቀ ሲሄድ ደግሞ ባሰ። ኑቮላሪ ከኋላ እየመጣበት ስለሆነ ፍጥነት መቀነስ አይችልም። የሲኖትራክ ሹፌሮቻችን ጭነት ይዘው በሙቀት ሲወርዱ እየቆሙ ጎማ በእጃቸው የሚዳስሱት ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ብራውኪች የሚዳስስበት ጊዜ አልነበረውም።

(ሳንረሳው፦ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ፣ እነዚህ የጋራዥ ቃሎቻችን ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። እንዴት ወደ ጋራዣችን እንደደረሱ ወደ ታች ስትወርዱ ትጠረጥራላችሁ።)

የመጨረሻዎቹ ዙሮች ላይ የመርሴዲሱ ቡድን መሪ አልፍሬድ ኖይባወር የብራውኪች የኋላ ጎማ ማለቁን አየ። ብራውኪችም ራሱ አውቋል። ቢቆምና ቢቀይር ኑቮላሪ ያልፈዋል። ባይቆም ሊፈነዳ ይችላል። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር በመካከላቸው ያለው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነበር። አልቆመም። እኛ እንደሚመስለን ማንም በእሱ ቦታ ቢሆን አይቆምም ነበር፤ አንድ ዙር ነው የቀረው፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት ነው፣ ባለሥልጣናቱ ቆመው ይጠብቁታል።

«ካሩሰል» የሚባል ትልቅ ክብ መታጠፊያ አለ። እዚያ አካባቢ ጎማው ፈነዳ። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት ኑቮላሪ ጥሎት አለፈ። ብራውኪች በቸርኬው እየተንገጫገጨ 5ኛ ሆኖ ገባ፤ ሲወርድ እያለቀሰ ነበር ይባላል።

መጨረሻው መስመር ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠረው ሕዝብ የብር ቀለም ያለው መኪና ሲጠብቅ ቀይ መኪና መጣ። 4 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ሁለተኛው ሽቱክ፣ ሦስተኛው ካራቾላ፣ አራተኛው ሮዘማየር፣ አምስተኛው ብራውኪች፤ ሁሉም በጀርመን መኪና የሚነዱ ጀርመኖች ናቸው። ከፊታቸው አንድ ሽማግሌ አልፋ። አዘጋጆቹ የጣሊያንን መዝሙር ሸክላ አላዘጋጁም ነበር፣ ኑቮላሪ ራሱ ይዞት የመጣውን ሸክላ ሰጣቸው የሚል ወሬ አለ። ሲነገር ሲነገር ያማረ ወሬ ሊሆን ይችላል፤ ከሰውዬው ባሕርይ ጋር ግን ይሄዳል።

እንግዲህ «በዕድል ነው ያሸነፈው» የሚሉ ዛሬም አሉ። ጎማ ባይፈነዳ ኖሮ 2ኛ ነበር ይላሉ። ልክ ነው፣ በሰዓት ከሄድን። ግን ያንን ጎማ ማን ጨረሰው? ከኋላ በየዙሩ ሰከንድ እየበላ የመጣው አሮጌ አልፋ ባይኖር ብራውኪች ቀስ ብሎ ገብቶ ዋንጫውን ይወስድ ነበር። ደግሞ ፓምፑን አትርሱ። የኑቮላሪ ሜካኒኮች እንደ መርሴዲስ በ47 ሰከንድ ቢጨርሱ ኖሮ የመጨረሻው ዙር ያን ያህል ልብ የሚያንጠለጥል አይሆንም ነበር። ዕድል ለሁለቱም ወገን ሠርታለች፤ እኛ ለኑቮላሪ እናደላለን።

ኑቮላሪ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ የተመኘውን አውቶ ዩኒየን አገኘ። ለጀርመኖች ነድቶ የጣሊያንን ግራንድ ፕሪ አሸነፈ። ቤልግሬድ ላይ ያሸነፈው ውድድር ደግሞ እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1939 ነበር፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጁበት ዕለት።

አሁን ወደ 67ቱ ቀናት እንምጣ። በዚያ ሐምሌ ጀርመንና ጣሊያን ገና ወዳጆች አልነበሩም። ከአንድ ዓመት በፊት የኦስትሪያ ናዚዎች የአገሪቱን መሪ ዶልፉስን ሲገድሉ ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ድንበር አስጠግቶ ነበር። በ1935 ጀርመን በምስጢር ለአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የጦር መሣሪያ ሸጣለች። ለእኛ አዝና አይደለም፤ ጣሊያን አፍሪካ ውስጥ በተጠመደች ቁጥር ኦስትሪያን ትረሳለች ብላ ነው። በእኛ በኩል ደግሞ ኅዳር 26 ቀን 1927 ወልወል ላይ ግጭት ከተነሳ ወዲህ ጣሊያን ወታደርና ካሚዮን ወደ ኤርትራና ሶማሊያ እያጓጓዘች ነበር። ኑቮላሪ ኑርቡርግሪንግ ላይ ሲያሸንፍ መርከቦቹ መንገድ ላይ ናቸው። መስከረም 22 ቀን 1928 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

ውድድሩ ላይ ደካማ መኪና ይዞ የመጣው ጣሊያናዊው ነበር። በጦርነቱ ደግሞ ጣሊያን አውሮፕላን፣ ታንክና የመርዝ ጋዝ ይዛ መጣች፤ ከፊቷ የቆመው የእኛ ሰው ብዙው በአሮጌ ጠመንጃ፣ ገሚሱም በጦርና በጎራዴ ነበር። ማይጨው ላይ ጎማ ፈንድቶ የሚያድን አልተገኘም።

ከመጡት አንዱ አኪሌ ስታራቼ ነው። የፋሽስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ ደግሞ የጣሊያን ብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ነበር። የአገሪቱ የስፖርት አለቃ ማለት ነው። ይህ ሰው በመቶዎች የሚቆጠሩ ካሚዮኖች ያሉት ፈጣን ጦር እየመራ ከኤርትራ ቆላ ተነስቶ፣ ሰቲትን ተሻግሮ መጋቢት 23 ቀን 1928 ጎንደር ገባ። ማይጨው ላይ ጦርነቱ በተደረገ ማግስት መሆኑ ነው። ጉዞውን እንደ ስፖርት ገድል አድርጎ መጽሐፍ ጻፈበት። መተማም በጣሊያኖች እጅ ወደቀች።

ከዚያ በኋላ የሆነው መተማ ያደገ ልጅ ሁሉ በከፊል ከአያቶቹ የሰማው ነው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 የእንግሊዝ ጦር ብርጋዴር ዊሊያም ስሊም በሚባል አዛዥ ሥር ከሱዳን በኩል ገላባትንና መተማን አጠቃ። ወታደሮቹ ብዙዎቹ ሕንዶች ነበሩ፤ 12 ታንክም ይዘዋል። ገላባት ተያዘች። ታንኮቹ ግን አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋዩ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆሙ፤ የጣሊያን አውሮፕላኖችም ከላይ ደበደቧቸው። መተማ በዚያ ቀን አልተያዘችም፤ ስሊምም ለማፈግፈግ ተገደደ።

ጣሊያኖች መተማን ለቀው ወደ ጎንደር አቅጣጫ የሸሹት በጥር ወር 1933 መጨረሻ ላይ ነው። ሲሄዱ መንገዱን በፈንጂ አጠሩት። እነሱን ለመከተል መንገዱ መጠረግ ነበረበት። ሥራው የወደቀው ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት በሚባል ወጣት ሕንዳዊ የመሐንዲስ ጦር ሁለተኛ ሌተናንት ላይ ነው። ከጦሩ ፊት ፊት እየሄደ ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ፈንጂ ይለቅም ነበር። የተሳፈረበት ብረት ለበስ ሁለት ጊዜ ፈንጂ ረግጦ አብረውት ያሉት ተጎዱ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ደፈጣ ውስጥ ገባ። 15 የፈንጂ ቦታዎች አጸዳ፤ እንግሊዞችም ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳሊያቸውን፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ ሸለሙት።

ኑቮላሪ ኑርቡርግሪንግ ላይ 502 ኪሎ ሜትር የጨረሰው በ4 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ነበር። ባጋት በመተማ መንገድ ወደ 88 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 4 ቀን ፈጅቶበታል።